አባታችንና የእድሩ መዝገብ

(በአባታችን ሙት ዓመት ማግስት፣ በማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ልጆቻቸው ያሰማነው ንግግር)



ከሁሉ አስቀድመን፣ አባታችን ባረፉ ጊዜ ከድንኳኑ ያልተለያችሁን፣ ንፍሮ የቀቀላችሁ፣ እንጀራ ተሸክማችሁ የመጣችሁ፣ ሌሊቱን ከእናታችን ጋር ያነጋችሁ ሁሉ ፈጣሪ ብድራችሁን ይክፈልልን፤ ክፉ አይንካችሁ።

ይህን ጽሑፍ የምታነብላችሁ ከመካከላችን አንዷ ብትሆንም የጻፍነው አራታችን ነን፤ ሦስት ሴቶችና አንድ ወንድ። ወንድማችን የሚኖረው ዋሽንግተን ስለሆነ የእሱን ድርሻ በስልክ እየነገረን ነው የጻፍነው። እናታችንም እዚሁ ከፊት ተቀምጣለች፤ ከተሳሳትን ታርመናለች። ሌላው ቢቀር ስለ ወጥና ስለ ድስት የምንለውን ማረሟ አይቀርም።

የማኅበሩ አመራር «ስለ አባታችሁ ጥቂት ቃል አሰሙን» ባለን ጊዜ እሺ ለማለት ሁለት ሳምንት ፈጅቶብናል። በለቅሶው ላይ ብዙ ተብሏል። የሰፈሩ ምሰሶ፣ የድሃ አባት፣ የእድሩ ዓይን ተብለዋል። እነዚያን ቃላት የተናገራችሁ ከልባችሁ እንደሆነ እናውቃለን። ነገር ግን አባባ እንዲህ ያለውን ንግግር አይወዱም ነበር። በእድር ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ ማመስገን ሲጀምር እስክሪብቶአቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው «ይህ በቃለ ጉባኤ አይገባም» ይሉ ነበር። ስለዚህ እኛም ዛሬ በቃለ ጉባኤ ሊገባ የሚችለውን ብቻ ለመናገር ተስማማን። ከዚያ ውስጥ እሳቸውን የማያስመሰግንም አለበት።

አባባ በምድር ባቡር የጭነት ክፍል ጸሐፊ ነበሩ። ከጅቡቲ የመጣ ዕቃ ለገሃር ሲራገፍ ስንት ጆንያ፣ ስንት ሣጥን፣ የማን እንደሆነ የሚመዘግቡት እሳቸው ናቸው። የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር የመዝገብ አያያዝን የተማሩት ከዚያ ነው። ቤትም ሲመጡ ያው ነበሩ። ድምሩ ልክ ሲመጣላቸው እስክሪብቶውን ከድነው «ሴ ቦን» ይላሉ። እኛ ልጆች ትርጉሙን ሳናውቅ የእራት ጥሪ ይመስለን ነበር፤ ሒሳቡ ሳይዘጋ እራት አይቀርብምና።

የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ሆነው የተመረጡት በ1966 ዓ.ም. ነው። ያስረከቡት በ2007 ዓ.ም.። አርባ አንድ ዓመት፣ ያለ ደመወዝ።

ከእሳቸው የቀሩት መዝገቦች አሥራ ሰባት ናቸው። በአንድ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ፣ ከአልጋው ሥር ነበሩ። አርባው ከወጣ በኋላ ሣጥኑን ስንከፍተው የናፍታሌንና የአሮጌ ወረቀት ሽታ ቤቱን ሞላው። ሰማያዊ ቀለም ለመዋጮ፣ ቀይ ለቅጣት፣ አረንጓዴ ለሞት። ለሞት ለምን ጥቁር እንዳልተጠቀሙ በሕይወት ሳሉ ጠይቀናቸው አናውቅም።

እድር ምን እንደሆነ ለሁላችሁም ግልጽ ነው፤ ምናልባት ውጭ ያደጉ ልጆቻችን ይህን ጽሑፍ ያነቡ ይሆናልና ሥራው ምን እንደሚመስል ጥቂት እንበል። ከሩቅ የሚያይ ሰው የእድር ጸሐፊ ማለት በወር አንድ እሑድ መዋጮ ተቀብሎ ደረሰኝ የሚቆርጥ ይመስለዋል። ዋናው ሥራ ግን የሌሊት ነው። በር ይንኳኳል። አባባ ጋቢያቸውን ደርበው ይወጣሉ፤ ፋኖስ ወይም አምፖል በርቶ መዝገቡ ይገለጣል። ሟቹ ለአባሉ ምኑ ነው? ለራሱ፣ ለልጅ፣ ለወላጅ፣ ለአማት የሚከፈለው ይለያያል። ውዝፍ አለበት ወይስ የለበትም? ከዚያ ጡሩምባ ነፊው ይቀሰቀሳል፤ የግምጃ ቤቱ ቁልፍ ከያዘው ሰው ይመጣል፤ ድንኳኑ፣ ካስማው፣ አግዳሚው፣ ድስቱ ይወጣል። ሟቹ ሙስሊም ከሆነ ቀብሩ ስለማይዘገይ ለቀስተኛውን ቶሎ ማሰባሰብ አለ። በነጋታው ቀብር ላይ ስም ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ እሳቸው ፊታቸውን ታጥበው ወደ ለገሃር ሥራ ይገባሉ።

ይህ ሁሉ ከቤታችን ላይ ተቆርሶ የተሰጠ ጊዜ ነው። ይህን የምንለው ቅሬታ ለማሰማት አይደለም፤ ባይሆንም ትንሽ ቅሬታ አለበት። ታላቅ እህታችን በተዳረች ጊዜ፣ በመልሱ ዕለት፣ እንግዳ ገና መቀመጥ ሲጀምር አንድ ሰው መጥቶ በጆሮአቸው አንሾካሾከ። ጣቢያው በር ላይ ሸክም ይሸከም የነበረ፣ ዘመድ የሌለው ሰው ሞቷል። አባባ ካፖርታቸውን አንሥተው ሄዱ። የሙሽራው ቤተሰብ ተቀየመ። እህታችን ሦስት ወር አላናገረቻቸውም። ይቅርታ እንዲጠይቁ ሽማግሌ ቢገባ «እናንተ ብዙ ነበራችሁ፣ እሱ ግን ብቻውን ነበር» ብለው ቀሩ። ትክክል ነበሩ? እኛ አራታችን እስከ ዛሬ በዚህ አልተስማማንም። እህታችን አሁንም ቢሆን ሰው ልከው እሳቸው መቆየት ይችሉ ነበር ትላለች።

አሁን ስለ አራተኛው መዝገብ እንንገራችሁ። 1969ና 1970 ዓ.ም. የቀይ ሽብር ጊዜ ነው። በዚያው ወቅት በሶማሊያ ጦርነት ምክንያት የባቡሩ መስመር ተቆርጦ ለወራት ዕቃ አልመጣም፤ አባባ ባዶ ቢሮ ቁጭ ብለው የእድሩን መዝገብ እንደገና በንጹሕ ገልብጠው የጻፉት ያኔ ነው። በከተማው ልጅ የተገደለባቸው ቤተሰቦች ማልቀስ የተከለከሉበት፣ ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁበት ጊዜ እንደነበር ታላላቆቻችን ታስታውሳላችሁ። ድንኳን አይተከልም፤ ጡሩምባ አይነፋም።

ይህን መዝገብ ስናገላብጥ በአረንጓዴ የተጻፈው ሞት ከሌላው ዓመት ያነሰ ሆኖ አገኘነው። በዚያ ዓመት? ግራ ገባን። ከዚያ ታናሽ እህታችን፣ እሷ የሒሳብ ሠራተኛ ናት፣ የወጪውን ገጽ እያየች «ይህ እድር ስንት ድስት ነበረው?» ብላ ጠየቀች። የዕቃ ዝርዝሩ እዚያው መዝገብ ጀርባ ላይ አለ፤ አራት። በዚያ ዓመት ግን «ለድስት ጥገና» ተብሎ አሥራ አንድ ጊዜ ወጪ ሆኗል። እያንዳንዱ ጥገና ለልጅ ሞት ከሚከፈለው ጋር ሳንቲም ሳይጎድል እኩል ነው።

እናታችንን ጠራናት። ገጹን አሳየናት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ ጊዜ ዝም ብላ አየችው። ከዚያ የአሥራ አንዱንም ልጆች ስም አንድ በአንድ ጠራችልን። ገንዘቡን ያደረሱት ሴቶቹ ነበሩ፤ በእንጀራ መሶብ ውስጥ፣ ከእንጀራው ሥር። ወንድ ለቅሶ ቤት ሲገባ ይታያል፤ ሴት ጎረቤቷ ቤት እንጀራ ይዛ ብትገባ ግን ማንም ምንም አይላትም። አባባ ይህን አንድም ቀን አውርተውልን አያውቁም። እሷም እንደዚያው።

ልብ በሉ፤ ያንን መሶብ ከተሸከሙት ሴቶች የአንዲቱም ስም በመዝገቡ አልነበረም።

ይህን ያወቅነው ግን ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው፤ አባባም ያወቁት ያኔ ነው ለማለት ይቻላል። በ1989 ዓ.ም. በሰፈራችን እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበረች። ዛሬ ከመካከላችን አለች፤ ስሟን እንዳንጠራ አስጠንቅቃናለች። «ስሜ በመዝገብ ይበቃኛል፣ በመጽሔት አያስፈልገኝም» ብላለች። ከአንድ ግንበኛ ጋር ያለ ሰርግ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖረዋል። እሱ የእድሩ አባል ነበር፤ ሲመዘገብ ወራሽ ብሎ ያስጻፈው ገጠር ያለ ወንድሙን ነው። ሲሞት ገንዘቡን ወንድሙ መጥቶ ወሰደ። ሕጋዊ ነው፤ ደረሰኙ አለ፤ የፈረሙት አባባ ናቸው።

ስምንት ወር ሳይሞላ፣ በነሐሴ፣ እናቷ እቤቷ አረፉ። ሌሊት መጥታ በራችንን አንኳኳች። አባባ እንደ ወትሮው መዝገቡን ገለጡ። የባሏ ገጽ በቀይ መስመር ተዘግቷል። «ስምሽ እዚህ የለም» አሏት። በደንቡ መሠረት እንደ አዲስ አባል ተመዝግባ መግቢያውን ካልከፈለች እድሩ አይወጣላትም። መግቢያው ደግሞ እድሩ ባጠራቀመው ገንዘብ ልክ የሚሰላ ስለነበር ለእሷ የማይቀመስ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በእድሩ ለቅሶ ሁሉ ወጥ ስትሠራ የኖረች ሴት ናት። ምንም አልመለሰችም። ነጠላዋን ተከናንባ ሄደች።

ጡሩምባ አልተነፋም። ድንኳን አልወጣም። ጎረቤት አዋጥቶ ቀበረ፤ ለቀስተኛው በዝናብ ላስቲክ ሥር ተቀመጠ። አባባም ሄደው ከላስቲኩ ሥር ተቀምጠዋል። የእድሩ ድንኳን ከዚያ መቶ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ግምጃ ቤት ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር።

እናታችን ያን ሌሊት ከመኝታ ቤት ሆና ሁሉንም ሰምታለች። በሦስተኛው ቀን ማታ፣ አባባ ሒሳብ ሲሠሩ፣ ከጓዳ ወጥታ «የእኔስ ስም አለ?» አለቻቸው።

እኛ ሁለታችን በክፍሉ ነበርን። አባባ ሳቅ ብለው የራሳቸውን ገጽ ገለጡ። የእሳቸው ስም ከነአያት፣ የሥራ ቦታ፣ የቤት ቁጥር። የልጆች ስም በዝርዝር። የወላጆቻቸው ስም በዝርዝር። በመካከሉ «ባለቤት፣ 1» ይላል።

ሳቃቸው ጠፋ። ገጽ እየገለጡ አዩ፤ ሁሉም ጋ እንደዚያው ነው። ባለቤት፣ 1። ባለቤት፣ 1። «ሚስት አንድ ስለሆነች አትምታታም ብለን ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«እንግዲያው ድስቱን 1 ታንሣው» አለች እማዬ፤ ወደ ጓዳዋ ተመለሰች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። በቤታችን አባባን አንቱ፣ እማዬን አንቺ እያልን ነው ያደግነው። ፍቅር ነው እንላለን፤ ፍቅርም ነው። ያን ማታ ግን ሌላም ነገር እንዳለበት ታየን። አሁን አንቱ ብንላት «አረጀሽ ማለታችሁ ነው?» ብላ ስለምትቆጣ ትተነዋል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ ለቅሶ ትሄዳለች፣ ታለቅሳለች፣ ታጽናናለች፤ የእድሩን ድስት ግን አትነካም። ማንንም አላሳደመችም። «ለምን?» ሲሏት ብቻ ምክንያቱን ትናገራለች። በዓመቱ ሦስት ሴቶች ድስቱን ተዉ፤ በሁለተኛው ዓመት አሥራ አንድ ሆኑ። ወንዶቹ ራሳቸው ሊሠሩ ሞክረው ያረረውን ወጥ ዛሬም የሚያስታውስ አለ። አንድ አባታችን እዚህ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ያኔ አማሳዩ እሳቸው ነበሩ።

አባባ ደንቡ እንዲሻሻል በ1990 ሐሳብ አቀረቡ። ወደቀ። በ1991 እንደገና አቀረቡ። ወደቀ። ተቃዋሚዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ፍርሃታቸው ገንዘቡ አይችልም የሚል ነበር። ሚስቶች በስማቸው አባል ከሆኑ ክፍያው እጥፍ ይሆናል፣ እድሩ ይፈርሳል አሉ። አባባ ይህን በንግግር አልመለሱትም። አንድ ክረምት ሙሉ ተቀምጠው የኋላውን አሥር ዓመት መዝገብ ሠሩት። ባላቸው ሞቶ የተሰረዙ ሴቶች ስንት ናቸው፤ ባይሰረዙ ኖሮ እስከ ዛሬ ስንት መዋጮ ይከፍሉ ነበር፤ ከዚያስ ምን ያህሉ በሞት ይወጣ ነበር። ለሚስት ሞት እድሩ ድሮም ለባል ይከፍላል፤ አዲስ የሚጨመረው ወጪ ለሴቲቱ ወላጆች የሚከፈለው ብቻ ነው። በአንጻሩ ባሏ የሞተባት ሴት መዋጮዋን ከቀጠለች ለእድሩ ገቢ ናት። ድምሩ ሲወጣ እድሩ በየዓመቱ ያጣው ገንዘብ ከሚያወጣው ይበልጥ ነበር። ወረቀቱ እስከ ዛሬ በአሥራ ሁለተኛው መዝገብ ውስጥ ታጥፎ አለ። ታናሽ እህታችን አንድ ስህተት ፈልጋ አጥታበታለች።

በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ወጣ። ባልና ሚስት ቤተሰቡንና የጋራ ሀብታቸውን በእኩልነት እንደሚያስተዳድሩ የሚደነግገው ነው። አባባ ነጋሪት ጋዜጣውን ገዝተው ለስብሰባው አመጡ። «ይህ ሕግ ስለ እድር አንድም ቃል አይልም» ብለው ነው የጀመሩት፤ ሰው የሌለውን ከሕጉ አነበቡ እንዳይላቸው። «ነገር ግን መዋጮው ከጋራ ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ አባልነቱ የአንድ ሰው ብቻ እንዴት ይሆናል? እኔ መልሱን አላገኘሁም፤ ያገኘ ይንገረኝ» አሉ።

ቀጥሎ ያደረጉትን ግን ማንም አልጠበቀም። ስለዚያች ሴት ተናገሩ። «ገንዘቡን ለወንድሙ የከፈልኩ እኔ ነኝ። በሌሊት ስምሽ የለም ያልኳት እኔ ነኝ። ደንቡ ነው አልኩ፤ ደንቡን በእጄ የጻፍኩትም እኔ ነኝ» አሉ። ሰብሳቢው ሊያቋርጧቸው ሞከሩ፤ «ኧረ ይተዉት፣ ያለፈ ነገር ነው» አሏቸው። አባባ «ይህ በቃለ ጉባኤ ይግባ» አሉ። ጸሐፊው እሳቸው ስለሆኑ ራሳቸው ጻፉት። አለ፤ በእጅ ጽሑፋቸው።

ማሻሻያው በ1993 በአሥራ አራት ድምፅ ብልጫ አለፈ። ሚስት በስሟ ከነአባቷ ትጻፋለች። አንዱ ሲሞት ሌላው ያለ መግቢያ ይቀጥላል። የእሷም ወላጆች እንደ እሱ ወላጆች ናቸው። እማዬ በሚቀጥለው ለቅሶ ድስቱ ዘንድ ተመለሰች። ወጡን ቀምሳ የተናገረችውን እንድንደግመው አልፈቀደችም።

ማኅበራችን የተመሠረተው በዚያው መካከል፣ ከነዚያ አሥራ አንድ ሴቶች መሆኑን አብዛኞቻችሁ ስለምታውቁ አናረዝመውም። በሳምንት አምስት ብር እያዋጡ፣ በእኛ ሳሎን። አባባን ጸሐፊ ሁኑልን ብለው ለመኗቸው፤ እምቢ አሉ። «እኔ ከጻፍኩ ትለምዱኛላችሁ» አሉ። በምትኩ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ሊያስተምሩ ተስማሙ። ከሴቶቹ ገሚሶቹ በ1971 በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥረው ነበር፤ ግን ሳይጠቀሙበት ጠፍቶባቸዋል። አባባ መጀመሪያ ያስጻፏቸው የየራሳቸውን ስም ነው። ከዚያ ቁጥር። ከዚያ ገቢና ወጪ። በጣት አሻራ ገንዘብ መቀበል በማኅበሩ ከተጀመረ በሁለት ዓመቱ ቀረ። የመጀመሪያዋ ገንዘብ ያዥ ያቺው እንጀራ ጋጋሪ ናት። የሠራችው የመጀመሪያ ሒሳብ ሲዘጋ አባባ «ሴ ቦን» አሏት፤ እሷም «አላህምዱሊላህ» አለችና ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ስለ ትንሹ ደብተር ሳንናገር ብንቀመጥ ለእማዬ ታማኝ አንሆንም።

ከመዝገቦቹ ሥር፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ አንድ የኪስ ደብተር ነበር። አርባ ስምንት ስም አለው። አባባ ከራሳቸው ገንዘብ መዋጮ የከፈሉላቸው ሰዎች ናቸው። ሦስት ወር ያልከፈለ ከእድሩ ስለሚሰረዝ፣ ሳይሰረዙ በፊት እሳቸው ይከፍላሉ። ብዙው የኤች.አይ.ቪ. በሽታ ቤት ባዶ ያደረገበት ጊዜ ነው፤ ከስማቸው ጎን «ልጆች ብቻ» የሚል የተጻፈባቸው ቤቶች አሉ። ሲመልሱ ምልክት ተደርጓል። ምልክት የሌላቸው ይበዛሉ።

ለእናንተ ይህ ደስ የሚል ነገር ሊሆን ይችላል። እኛ ግን ደብተሩን ስናይ መጀመሪያ የመጣብን ንዴት ነው። ቀኖቹን አየናቸው። ወንድማችን መዝገበ ቃላት ለምኖ «ገንዘብ የለም» የተባለበት ወር አለ። አንዳችን የወንድሟን ጫማ አድርጋ ትምህርት ቤት የሄደችበት ወር አለ። እማዬ ከሁሉም የባሰ ነገር ነበራት፤ አታውቅም ነበር። ሚስቶች በስማቸው ይጻፉ ብለው የታገሉ ሰው የገዛ ሚስታቸውን ሳያማክሩ የቤቱን ገንዘብ ለዓመታት አውጥተዋል። ወንድማችን በስልክ «ይቃጠል» አለ። አንዳችን ደግሞ «በመጽሔት ይውጣ፣ ሰው ይወቅላቸው» አለች። ሁለት ቀን ተጨቃጨቅን።

እማዬ ደብተሩን ተቀበለችንና በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ስም አይነበብም አለች። ስለ አባባ የምትለውን ለእሳቸው እንደምትላቸው፣ ለእኛ እንደማትነግረን ተናገረች። ከዚያ እድሩ በአባባ ሞት የከፈላትን ገንዘብ ሙሉውን ለማኅበሩ እንደምትሰጥ ነገረችን፤ መዋጮ ላቃታቸው አባላት መሸፈኛ እንዲሆን። ቅድመ ሁኔታዋ ሁለት ነው። የተረጂዎቹ ስም በስብሰባ አይጠራም። ገንዘቡም በአንድ ሰው እጅ አይሆንም፤ ሦስት ሴቶች ይፈርማሉ፣ በየዓመቱም ይመረመራል። በዚህ ዓመት ወዳጆቻችን በጨመራችሁበት ገንዘብ ይኸው አሠራር ተጀምሯል። እንግዲህ ይህ ስሕተታቸውን ማረሚያ ይሁን መታሰቢያቸው እሷ ታውቃለች።

አባባ በስተመጨረሻ ዓመታት ከቤት ብዙም አይወጡም ነበር። በ2012 በኮሮና ጊዜ፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል፣ ለቅሶ ቤት መሄድ አለመቻላቸው ከበሽታው ይልቅ አሳስቧቸዋል። ስልክ ይደውላሉ፤ የሟቹን ስም ጠርተው፣ የቤተሰቡን ስም አንድ በአንድ ጠርተው ይዘጋሉ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩም ተበተነ። ገሚሱ ኮንዶሚኒየም ደርሶት፣ ገሚሱ ቤቱ ፈርሶ ሄደ። በእሳቸው ቀብር ላይ ስም ሲጠራ ሁለት አውቶብስ ይዘው ከከተማው ዳር የመጡ አቤት አሉ። ጥሪው የደረሳቸው በቴሌግራም ነው። አሮጌው ጡሩምባ ነፊ ግን አልቻለም፤ በንጋታው መጥቶ በራችን ላይ ነፋው።

አሁን ወደ ጉዳያችን። ደንቡ ሲሻሻል በ1993 በሕይወት የነበሩት ሚስቶች ሁሉ በስማቸው ተጽፈዋል። ከዚያ በፊት የሞቱት፣ የተፋቱት፣ ሰፈር ለቀው የሄዱት ግን በአሮጌዎቹ መዝገቦች እንዳሉ ናቸው። አባባ ጡረታ ከወጡ በኋላ እነዚህን ሴቶች እየጠየቁ ስማቸውን ማስገባት ጀምረው እንደነበር ያወቅነው ሣጥኑን ስንከፍት ነው። «ባለቤት፣ 1» የሚለው 214 ቦታ ነበር። እሳቸው 120 ሞልተዋል። እኛና እማዬ በዚህ ዓመት 63 ጨመርን። 31 ቀርቷል።

ጥቂቱን እናንብብላችሁ፤ ምናልባት የሚያውቅ አለ።

ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ የልብስ ሰፊው ባለቤት። በ1968 ከድሬዳዋ የመጡ፤ ሁለት ልጆች። ልብስ ሰፊው ግራ እግሩን ያነክስ ነበር።

የባቡር ፍሬን ሠራተኛው ባለቤት፤ ስድስት ልጆች። የሞተችው በ1974፣ በአረንጓዴ «ባለቤት» ብቻ ተብሎ ተጽፏል። የተቀበረችው ቂርቆስ ነው።

ከመስጊዱ በታች፣ የታክሲ ሹፌሩ ባለቤት። እማዬ ፊቷን ታስታውሳለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቅቤ ትሸጥ ነበር፣ ግንባሯ ላይ ንቅሳት ነበራት። ሰው ሁሉ የሚጠራት በልጇ ስም ነበር።

የዘበኛው ባለቤት፤ ልጅ የላቸውም። በ1970 የድስት ጥገና ገንዘብ ካደረሱት ሴቶች አንዷ ናት። በዚያ ዓመት መጨረሻ ወደ አገሯ ሄደች፤ አገሯ ወሎ ይሁን ጎንደር እማዬ እርግጠኛ አይደለችም።

የቀሩት ሃያ ሰባት በበሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል። ስትወጡ እዩልን። ዓይናችሁ ለማያነብ ታናሽ እህታችን እዚያ ቆማ ታነብላችኋለች። ሣጥኑ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ክፍት ነው። እስክሪብቶውም እዚያው አለ።